ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ አገሬን ፈረስ ቤትን ለቅቄ ወጣሁ። ሩቅ አልሄድሁም፤ የወረድሁ ፍኖተ ሰላም ነው። ግን በእኔ ዕድሜ ደጋን ትቶ ቆላ መውረድ ባሕር ከመሻገር አይተናነስም። ሚስቴ ስንቅ ስትቋጥር አመሸች። ዶሮ ሲጮኽ በር ድረስ ሸኘችኝና፣ "ሳይዟት እንዳይመጡ" አለች። ስንብታችን ይኸው ነው።

ያለችኝ ልጃችንን ይታይሽን ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሥራ ልፈልግ ብላ እዚያ ቤት ተከራየች። ቆይታ ቆይታ ስልካችንን ማንሣት ተወች።

አይ ሙቀቱ! ጋቢየን አውልቄ የት ላድርገው? ድንቻቸው ውኃ ውኃ ይላል፤ ሰዉም ሲያልፍ እንዴት አደሩ አይል። መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ብሄድ ጸሐፊው ቀና ሳይል፣

"መሸኛ አለዎት?"

"የለኝም። የመጣሁ ልጄን ልጠብቅ ነው።"

"ሥራዎ?"

"አባት ነኝ።"

"አባባ፣ እሱ ሥራ አይደለም።"

"ገና አልወለድህም ማለት ነው" አልሁት። ሳቀና "ገበሬ" ብሎ ጻፈ።

ልጄ ዘንድ ባረፍሁ ሰሞን አከራያችን እትየ ዝና በራፍ ላይ ቆመው፣ "አያ ካሴ፣ ያከራየሁ ላንድ ሰው ነበር፤ ውኃየን የሚጠጣው ሁለት ሆነ" አሉኝ።

"ልጄ አትጠጣም፤ የእሷን ድርሻ ነው የምጠጣ" አልኋቸው። ቀልድ መሰላቸው፤ እውነቴን ነበር።

ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ትውላለች። ስልኩን በጣቷ ትገፋዋለች፣ ትገፋዋለች፤ የአንዷ ጓደኛዋ ሰርግ፣ የሌላዋ ቢሮ፣ የሌላዋ ዱባይ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ያንኑ ታላምጣለች። "እኔ ብቻ ቀረሁ። ያኔ ሌላ ትምህርት ብመርጥ ኖሮ። ያኔ እንዲያ ባልል ኖሮ።" አገር እንግባ ስላት፣ "ምን ይዤ ልግባ?" ትለኛለች። የአውድማ በሬ እንኳ ሲዞር እህል ይወጣለታል፤ የእሷ መዞር ባዶ አውድማ ላይ ነው።

ጥፋቱ የስልኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰሞን ኔትወርክ ሲጠፋ ተመስገን አልሁ። ምን ዋጋ አለው፤ ሐሳቡ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ያንኑ ስታላምጥ ሰነበተች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንዲህ የሚተኛ ሰው ኀዘንተኛ ነው። ኀዘንተኛ ደግሞ በእኛ አገር ብቻውን አይተውም፤ ሰው ይቀመጥለታል፣ ያጫውተዋል፣ ሲበዛበትም ሽማግሌ ገብቶ የኀዘን ልብሱን፣ ከሉን ያስጥለዋል። ሄጄ ለእትየ ዝና፣ "ለቅሶ ላይ ነን" አልኋቸው።

ማን ሞተ ሳይሉ ጎረቤት ሊጠሩ ሮጡ። ከቀትር በኋላ ግቢው ሞላ። አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ መጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንዲት አሮጊት የይታይሽ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ማን ሞተብሽ?"

"ማንም!" ብላ ተፈናጥራ ተነሣች። "አባየ፣ ምን አደረጉኝ? አዋረዱኝኮ!"

"ማንም ካልሞተ፣ ታዲያ ለማን ነው የምታለቅሺ?" አሉ አሮጊቷ።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ ለግድግዳው የምትነግረውን ሁሉ ለእሳቸው ነገረች። ጨርሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ደግማ ስትጀምር አሮጊቷ ጉልበቷን ያዝ አድርገው፣

"ይኸንንስ ነግረሽኛል። ቀጥሎሳ ምን ሆነ?"

"ቀጥሎ?" አሰበች። "ቀጥሎማ የለም።"

"እንግዲያ ንፍሮ ብይ።"

በላች። ባይኔ አየሁ።

እትየ ዝና ውጭ ጠብቀውኛል። "ሬሳ የሌለው ለቅሶ! ነጠላየን ያዘቀዘቅሁ ለውሸት ነው?"

"ገብተው ይዩዋትና ውሸት ይበሉኝ" አልሁ። ገብተው አዩዋት። ሲወጡ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ነበሩ።

ማታ ሚስቴ ደወለች። "ይዘዋት ይመጣሉ?"

"ንፍሮ በላች።"

"ኧረ ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተ" አልኋት።

በማግስቱ ጠዋት ብነቃ ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳለች፤ ስልኩ በርቷል። የንፍሮውን ድስት አጠብሁ። ወስጄ የእትየ ዝናን በር መታሁና፣ "ሠልስቱ ገና ነው፤ ዛሬም ይቀመጡልን" አልኋቸው።