ፈረስ የተያዘበት ስንኝ

ያኔ እንጅባራ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚወደው ዘፈን አንድ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንድ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ የተጫወተው ነው። መሀሉ ላይ ዘፋኙ ዝም ይልና ጥሩምባ ብቻውን ረዘም አድርጎ ስለሚነፋ እኛ «የጥሩምባው» እንለው ነበር። ስድሳዎቹ ገና መግባታቸው ነው። ከተማችን ሁለት ሦስት መንገድ፣ ብዙ ጭቃና ብዙ ጭጋግ ነበረች፤ ወሬና ዘፈን ግን አላጣንም።

ዘፈኑ አንድ ይሁን እንጂ አዘፋፈኑ ብዙ ነው፤ ጠቡም የሚመጣው ከዚያ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው በባትሪ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። በገበያ ቀን በረንዳው ላይ አውጥቶ ሲያስነሳው ጨርቅ የሚገዛውም የማይገዛውም ይሰበሰባል። የእሱ ሸክላ አጠር ያለ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በሬዲዮ የሚመጣው ግን መግቢያው ረጅም ነው፤ ጥሩምባውም ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ከዳንግላ ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ደግሞ ኦርኬስትራው ባሕር ዳር መጥቶ ሲጫወት በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጥሩምባው ቦታ አኮርዲዮን ነበር እያለ ይምላል። ጠጅ ቤት ያለው አዝማሪም በማሲንቆ የራሱን አበጅቶለት ነበር፤ የምቱ ችኮላ የጠጅ ቤቱን በግ ያስበረግግ ነበር። የሸክላው ይበልጣል፣ የሬዲዮው ይበልጣል፣ አንተ መቼ ሰማህና ሲባባሉ ገበያው ተበትኖ ይመሽባቸዋል።

እኔ ከነጋዴው ሱቅ ጀርባ ከአክስቴ ጋር ነበር የምኖረው። የአክስቴን የስፌት መኪና እየረገጥኩ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ሬዲዮኗ ከበላዬ መደርደሪያ ላይ፣ ጥልፍ ልብሷን ለብሳ ትቀመጣለች። በእኛና በበረንዳው መካከል ያለው አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ሆነን ከእነዚያ ወንዶች እኩል እንሰማ ነበር፤ የትኛው አዘፋፈን ይሻላል ብሎ የጠየቀን ግን አንድ ሰው አልነበረም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። እኔ የምወደው የሬዲዮውን ነበር። እየሰፋሁ አብሬው አንጎራጉራለሁ፤ መኪናውም ምቱን ይዞ ይሄድልኛል።

አጥራችን ላይ በየገበያው ቀን ፈረሱን የሚያስር አንድ ጎልማሳ ነበር። ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ገብስና ድንች ይዞ ይመጣል። ሰውዬውን አላየውም ነበር፤ ፈረሱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ቀላ ያለ ዳማ ነው። አንገቱን በአጥሩ ቀዳዳ አሹልኮ የአክስቴን ጎመን ይበላል። አክስቴ ትረግመዋለች፣ እሱ ጆሮውን ያወዛውዝና ሁለተኛውን ጎመን ይጀምራል። የአገራችን ሰው ፈረስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ተሰልፎ ሲጋልብ ያ ዳማ የሚቀድመው አልነበረም፤ ባለቤቱም የሚከበረው በእሱ ነው።

አንድ ጊዜ ጥሊሊ ዘመድ ጋ ሰንብቼ ስመለስ አክስቴ ወሬውን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ባለዳማው ፈረሱን ለውርርድ ያዘ!» አለችኝ።

«በምን?»

«በዘፈን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው በረንዳው ላይ መጥቶ፣ ባለፈው ገበያ የጥሩምባው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሸክላው ላይ የሌለ አንድ ስንኝ ሰማሁ፣ ጥሩምባው ሲነፋ አንዲት ሴት ገብታ ዘፈነች ይላል። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያን ሰዓት ሁሉም በነጋዴው ሸክላ ዙሪያ ስለነበሩ ሬዲዮ የሰማ የለም። እሱም አልመለስ አለ። በእኛ አገር ደግሞ ክርክር ከተጀመረ እንደ ዋዛ አያልቅም። ኩታቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ዘርግተው፣ «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» ተባባሉ። አንድ ሽማግሌ ለዳኝነት ተጎተቱ፤ ለዘፈን ግድ የሌላቸው፣ ጨርቅ ሊገዙ የመጡ ሰው ናቸው። ባለፈረሱ «ኦርኬስትራው ካልዘፈነው ዳማዬን ውሰድ!» አለ። ነጋዴው ማን ያስቀድመኛል ብሎ «ይህን ስንኝ በዚህ ዘፈን ላይ ያስገባ ፍጡር ካለ ማጫወቻዬን ከነሸክላዎቹ ውሰድ!» አለ። ዋስ ተጠራ። ባለፈረሱ ከጊዮርጊስ በፊት ባለው ገበያ እማኝ ይዞ እንዲቀርብ ቀን ተቆረጠለት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለቱም ወደኋላ ማለት አልቻሉም።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ እኔ። «ሬዲዮኑን በየገበያው የምሰማው እኔ አይደለሁም? ምንም ስንኝ የለበትም። ፈረሱ እንኳን ከእሱ ይሻላል፣ ጎመን መስረቁን አይክድም።»

ሰውዬው እማኝ ፍለጋ ወጣ። ሬዲዮ ያለውን ሁሉ እየጠየቀ በዚያው ፈረስ አገሩን ዞረ። አዲስ ቅዳም ሄደ፤ እዚያ ስንኙን የሰማ አልተገኘም፣ ጠጅ ከተገዛላቸው ግን ሰምተናል ብለው የሚምሉ ሦስት ሰዎች ተገኙ። ዳንግላ ሄደ፤ እዚያ ሬዲዮ ያለው ሰው ያን ዕለት ባትሪ አልቆበት ነበር። ጥሊሊ ላይ አንድ ባለሻይ ቤት «አዎን፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!» አለው። በደስታ አቅፎት በል ስንኙን ንገረኝ ቢለው፣ ባለሻይ ቤቱ ስለ ጥሊሊ ልጃገረዶች መልክ አንድ ረጅም ግጥም አወረደለት። ይህን ሁሉ ሾፌሩ በየመንገዱ እየለቀመ ያመጣልን ነበር፤ እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ቤት መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ያየሁት ያን ዕለት ነው። አጭር፣ ዓይነ አፋር፣ ጭቃ በጭቃ የሆነ ሰው። በራፉ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«እትዬ፣ እርስዎም ሬዲዮ አለዎት አሉኝ» አላት አክስቴን። «እንዲያውም ያን ዕለት የሰማሁት ከዚሁ ከእርስዎ አጥር ሥር፣ ፈረሴን ስፈታ ነው። እርስዎም ሰምተውት ከሆነ ይመስክሩልኝ። ፈረሴ ሊሄድ ነው።»

«እኔ ያን ዕለት ገበያ ነበርኩ ልጄ» አለች አክስቴ። «ስንኙ ምን ይላል?»

ጉሮሮውን ጠረገና አለ፦

«የዘንገና ውሃ ዳሩ ገደል ሆኖ፣
ልቤ ቆሞ ቀረ ከማዶ ለምኖ።»

«አዩ፣ እትዬ» አላት፣ ዓይኑ እየበራ፣ «የአዲስ አበባ ኦርኬስትራ የእኛን ዘንገና ያውቃል!»

እኔ መኪናዬን መርገጥ አላቆምኩም። በኋላ ሳየው፣ ክሩ ካለቀ በኋላ ግማሽ ቀሚስ ያለ ክር ሰፍቼ ነበር። ስንኟ የእኔ ናት። ያ ጥሩምባ ሲረዝም ቃል ስለሌለው አፌ ሥራ ይፈታብኛል፤ ስለዚህ ከልጅነቴ የማውቀውን ሐይቅ አስገብቼ አበጀኋትና በዚያ ቦታ ሁልጊዜ እዘፍናታለሁ። ለማንም አልዘፈንኳት። ሰውም ይሰማኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ከሰማም ጎመን የሚበላው ፈረስ ነው የሚሰማኝ።

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አክስቴ ዞራ አየችኝ። መኪናውን አየች፣ ክር የሌለውን መርፌ አየች፣ ሬዲዮኗን አየች።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«በይ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

እውነቷን ነው። አንዲት ልጃገረድ ልቤ ከማዶ ቆሞ ቀረ ብላ ዘፈነች ከተባለ፣ ማዶ ያለው ማነው ማለት ይመጣል። ማንም የለም ብል ማን ያምነኛል? እንጅባራ ለእኔ ባል ፈልጋ፣ አጋብታኝ፣ አፋትታኝ ለማደር አንድ ከሰዓት ይበቃት ነበር። ደግሞ ብናገርስ ምን ይጠቅመዋል? ኦርኬስትራው ነው ብሎ ነው የያዘው፤ እኔ ኦርኬስትራ አይደለሁ። ዝም አልኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር ግን ያ ዳማ በአጥሩ ቀዳዳ እያየኝ ያኝካል። ለሌላ ሰው ሲሰጥ ታየኝና እንቅልፍ አጣሁ፤ ጎመኑን እንኳ ራሴ ቆርጬ ማብላት ጀመርኩ።

የቀጠሮው ገበያ ደረሰ። ገበሬ ሁሉ ድንቹን ጥሎ፣ ነጋዴ ሁሉ ሚዛኑን ጥሎ በረንዳው ሥር ተሰበሰበ። እኔና አክስቴ በአጥሩ ቀዳዳ እናያለን። ሽማግሌው ጨርቅ በተጠቀለለበት ጣቃ ላይ ተቀመጡ።

«እማኝህን አቅርብ» አሉት።

«የለኝም፣ አያ።»

«የጥሊሊውስ?»

«እሱ ስለ ጥሊሊ ነው የሚያወራው።»

ሕዝቡ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ሄዶ የዳማውን ኮርቻ ፈታ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ልጓሙን ለነጋዴው ዘረጋለት። 

«ፈረሱን ውሰድ» አለው። «ድምፁ ግን አለ። የለም አትበሉኝ፤ ሰምቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ፈረሱን የሚሰጠው ለስንኟ አልነበረም። የሰማው ድምፅ የለም ሲሉት መቻል አቅቶት ነው። እኔ ደግሞ፣ ባለድምፅዋ፣ ከአጥር ጀርባ ተወሽቄ ቆሜያለሁ። አክስቴ ቀሚሴን ብትይዘኝም አመለጥኳት።

አጥሩን ዞሬ በረንዳው ላይ ወጣሁና ነጋዴውን «ጋሼ፣ እስቲ ያንን ሸክላ ያስነሱልኝ» አልኩት። ግራ ገባውና አስነሳው። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ጥሩምባው ገባ፣ እኔም መሬት መሬት እያየሁ ስንኜን ከነዜማዋ አስገባኋት።  ሸክላው ሲያልቅ ባለፈረሱን ቀና ብዬ አየሁት። አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ ልጓሙ አሁንም በእጁ ነው።

ነጋዴው ቀድሞ ነቃ። «ታዲያ ኦርኬስትራው አይደለማ! ፈረሱ የእኔ ነው!» አለ።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ምን ብለህ ነበር የያዝከው? ያስገባ ፍጡር ካለ አልክ። ይቺ ልጅ ፍጡር አይደለችም?»

«ናት፣ አያ።»

«ተረታህ። አንተስ ባለፈረስ፣ ኦርኬስትራው ነው አልክ። ይቺ ልጅ ኦርኬስትራ ናት?»

«አይደለችም፣ አያ።»

«አንተም ተረታህ።»

«ታዲያ ፈረሱን ማን ይውሰደው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ ባለፈረሱን አዩና በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። የገጠሩ ሰው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ያኔ አገውኛዬ የገበያ ብቻ ስለነበር አልገባኝም፤ አክስቴ ግን አጥሩ ጀርባ ሆና ስትስቅ ተሰማኝ። ከዚያ በአማርኛ ፈረዱ። «ሁለታችሁም ስለተረታችሁ መያዣው የዳኛው ነው። ፈረሱም ማጫወቻውም በየቤታችሁ ይቆዩልኝ፤ በፈለግሁት ቀን አስጠራችኋለሁ።»

በጊዮርጊስ ዳማው ጋለበ፣ እንደ ልማዱም ቀደመ። ከዚያ በኋላ ባለፈረሱ ልብሱ ይቀደድበት ጀመር። ዛሬ ቁልፍ ይወድቅበታል፣ በሚቀጥለው ገበያ ኪሱ ይተረተራል። አንድ ሸሚዝ ይህን ያህል ሲጎሳቆል አይቼ አላውቅም። ስሰፋለት በራፉ ላይ ይቀመጥና ሬዲዮኗን ይሰማል፤ ጥሩምባው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። እኔም አላሳፍረውም። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ፤ ከተላኩት መካከል አንዱ ያው ዳኛችን ነበሩ።

ለሠርጋችን ዳኛው መያዣቸውን አስጠሩ። ዳማው እኔን ተሸክሞ አመጣ። ነጋዴውም እያጉረመረመ ማጫወቻውን ከነአዲስ ባትሪው ይዞ መጣና ዳሱ ውስጥ አስቀመጠው። አክስቴ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ «ያን ዕለት በአገውኛ ያሉት ይኸው ነው፤ ፈረሱ ሙሽራ ያምጣ ነው ያሉት» አለችኝ። ለካ አገር ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው!

ከዚያ የጥሩምባው ዘፈን ተነሳ። ዘፋኙ ዝም ሲልና ጥሩምባው ሲገባ ዳሱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሙሽራ ደግሞ አትናገርም፤ እንኳን ልትዘፍን ቀና ብላም አታይም። ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከንፈሬን ነክሼ ተቀምጫለሁ። ጥሩምባው ባዶውን ሊያልፍ ነው ብዬ በጣም አዘንኩ። ያን ጊዜ ከጎኔ ባሌ ብድግ አለና «የዘንገና ውሃ ዳሩ ገደል ሆኖ» ብሎ ጀመረ። ድምፁ! ዳማው ቢያሽካካ ይሻል ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። እሱ ግን እዚያ ላይ ቆመ። ሁለተኛው መስመር አልመጣለትም። ቆሞ ይጠብቃል፣ ጥሩምባውም ሊያልቅ ነው።

ምን ላድርግ? ከክንብንቤ ሥር ሆኜ «ልቤ ቆሞ ቀረ ከማዶ ለምኖ» ብዬ ጨረስኩለት። ሙሽራዋ ተናገረች ተብሎ እልልታና ጩኸት ተደባለቀ፤ አሮጊቶቹ ለወራት አሙኝ።

ያን ዕለት ለምን አቆምክ ብዬ ብጠይቀው ረሳሁት አለኝ። አርጅተንም ሲጠየቅ ረሳሁት ነው የሚለው። እኔ ግን በፈረስ ሦስት ከተማ ተሸክሞት የዞረውን ስንኝ ይረሳዋል ብዬ አላምንም።