ለምጥን የተሰጠ ወተት

ጋሽ ካሣዬ አሰላ ውስጥ የእህል መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሁለት ጠላት ነበራቸው፤ አንዱ ሌባ፣ ሌላው አይጥ። ሌባውን በዓይናቸው፣ አይጡን በወጥመድ ሲያሳድዱ ኖረው፣ በስተርጅና ቤታቸው ገብታ የተደላደለችው ግን የአይጥ ዘመድ ሆነች። ልጃቸው ኤፍራታ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ስትሄድ፣ "አባዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ነው" ብላ ሃምስተሯን ከነሽቦ ቤቷ ትታላቸው ሄደች። ጅራቷ አለ እንዳይሉት ያጠረ፣ ስንዴ ሲሰጧት ጉንጯን እንደ ጆንያ የምትጠቀጥቅ፣ ምጥን የምትባል ፍጥረት ናት። ጋሽ ካሣዬ በመጀመሪያው ሰሞን ከሩቅ ነበር የሚያዩዋት። እያደር ግን ዜና እንኳ አብረዋት ማዳመጥ ጀመሩ፤ ለወሬ የማትመች፣ ምስጢር የማታወጣ ጓደኛ አገኙ።

የጋሽ ካሣዬ ዋና ጠባይ መጠርጠር ነው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ሥጋ ሲገዙ ሚዛኑን፣ ባጃጅ ሲሳፈሩ ሾፌሩን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ደግሞ ከጫማቸው አጠገብ ጫማ ያወለቀውን ሰው ይጠረጥራሉ። አስቀድሰው ሲወጡ ጫማቸውን እዚያው ቢያገኙት እንኳ ደስ አይላቸውም፤ ሌባው ለሌላ ቀን ያቆየው ይመስላቸዋል።

አንድ ማለዳ ምጥን ከጎጆዋ አልወጣችም። የማታው ስንዴ እንደተቀመጠ ነው። ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጠጉሯ ቆሞ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኮራምታለች። ሲያነሷት የኋላዋ ርሷል፣ ይሸታልም። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን አመማት?" ይል ነበር። ጋሽ ካሣዬ ግን "ማን ነው?" አሉ።

ማን እንደሆነ ለማወቅም ብዙ አልደከሙም። የምጥን ቤት ያለው መስኮት ሥር ነው። በመስኮቱ በኩል የምታልፈው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው የገብስ ዱቄት ነጋዴዋ ፋጡ ናት። ፋጡ በዚያው ሰሞን ከሱቅ የአይጥ መርዝ ገዝታ ስትወጣ በዓይናቸው በብረቱ አይተዋታል። ምጥን ከመጣች ወዲህም በመስኮቱ ስታልፍ ፊቷን በሻርፗ ከልላ፣ ሰላምታዋን ከሩቅ ወርውራ ትሮጣለች። ያን ጠዋትም ከሩቅ ቆማ፣ "እንዴት አደሩ ጋሽ ካሣዬ? እንስሳዋስ ደህና ናት?" አለች። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" ብለው በሆዳቸው፣ መስኮቱን ዘጉት።

በአገሬው ዘንድ የታወቀው የመርዝ ማርከሻ ወተት ነው። ውሻ መርዝ ሲበላ አፉን ፈልቅቀው ወተት ይግቱታል። ጋሽ ካሣዬም ወተት ፍለጋ ወጡ። ደጃፋቸው ላይ ከሚሸጠው ሰውዬ አልገዙም፤ የፋጡ ደንበኛ ነዋ። ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው ከማያውቁት ሰው ገዙና በጠብታ በጠብታ አጠጧት። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ምጥን ሳይሆን ወደ ፋጡ በር ነበር። ሲመሽ የምጥን ጎጆ ጭራሽ ራሰ። "መርዙ በርትቷል" ብለው ወተቱን ጨመሩላት። በማግስቱ መቆም አቃታት።

ያን ጊዜ ደነገጡ። በጋቢያቸው ጠቅልለዋት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወደ ለሊሳ ሮጡ። ለሊሳ በሬና በግ ሲያክም የኖረ ሰው ነው፤ ምጥንን ሲያይ ፈገግ ሊል ቃጣውና የሽማግሌውን ፊት አይቶ ተወው።

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለች አክሜ አላውቅም" አለና ቢሾፍቱ አብሮት ለተማረ ጓደኛው ደወለ። እያዳመጠ ጠየቃቸው። "ምን ሰጧት?"

"ወተት። መርዝ አብልተዋት ነው።"

"በምን አወቁ?"

"ጎረቤቴ የአይጥ መርዝ..."

"ስለ ጎረቤትዎ አይደለም ጋሼ፣ ስለ እሷ ነው የጠየቅኩዎ። መብል የቀነሰችው መቼ ነው? ጎጆዋ መራስ የጀመረውስ?"

ጋሽ ካሣዬ አሰቡ። ፋጡ መርዝ ሳትገዛ በፊትም ስንዴው ይተርፍ ነበር። ጎጆዋ ውስጥ ያነጠፉላት ጥጥም እርጥብ ነበር። ያኔ ግን የጠረጠሩት የውሃ መጠጫዋን ነበር፤ ነጋዴው የሚያፈስ ዕቃ ሸጦልኛል ብለው ሲራገሙ ሰነበቱ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አነሰ።

"ተቅማጥ ነው" አለ ለሊሳ። "ወተት ደግሞ ያባብሰዋል። እንዲህ ያለች ትንሽ ፍጥረት የኋላዋ ርሶ፣ ተኮራምታ መብል እምቢ ካለች በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መምጣት አለባት። አሁን ወተቱን ይተዉት። ይኸን ጨውና ስኳር ያለው ውሃ ቶሎ ቶሎ በጠብታ ይስጧት፣ እንዳይበርዳት። መድኃኒቱ እኔ ጋ የለም፤ ጽፌልዎታለሁ፣ ፋርማሲ ይሂዱ። ትድናለች ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።"

ቤት ሲደርሱ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ፋርማሲው ከተማው ጫፍ ነው። እሳቸው ከሄዱ ውሃውን ማን ይሰጣታል? ይዘዋት እንዳይሄዱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በግቢው አካባቢ ሰው ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጋሽ ካሣዬ አጥሩ ሥር ሄደው ቆሙ፤ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። በመጨረሻ "ፋጡ!" ብለው ተጣሩ።

መጣች። ምንም ሳትጠይቅ የሚሏትን ሰማች። ጋሽ ካሣዬ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ግን ነፍሳቸው አላረፈችም። "አይጥን ለድመት አደራ ሰጥቼ መጣሁ እኮ! ብትጨርሳትስ? ማን አይቷት?" እያሉ ሲብሰለሰሉ ሾፌሩን ሊያስመልሱት አፋቸውን ከፈቱ፤ መድኃኒቱ ትዝ ሲላቸው ዘጉት። እንዲያ ያለ ክፉ መንገድ ተጉዘው አያውቁም።

ሲመለሱ ፋጡ ወንበሩ ላይ ደርቃ ተቀምጣለች። ፊቷን ላብ አጥምቆታል። ምጥን በሻርፗ ውስጥ ደረቷ ላይ ተለጥፋ ከማንጠብጠቢያው ጫፍ ውሃውን ራሷ ትልሳለች።

"ያ ረቢ! ጋሽ ካሣዬ፣ ቶሎ ያንሱልኝ" አለች ጥርሷን ነክሳ። "እኔ አይጥ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በመስኮትዎ ሳልፍ እንኳ እሷን እንዳላይ ነው የምሮጠው።"

"ታዲያ ለምን ከደረትሽ አስገባሻት?"

"እንዳይበርዳት ብለው የለም?"

ምጥንን ተቀብለው መድኃኒቱን ሰጧት። ዋጠች። ፋጡ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ጋሽ ካሣዬ አፍረው አቀረቀሩ።

"ፋጡ፣ እኔ እኮ አንቺን ነበር የጠረጠርኩት። መርዝ አበላቻት ብዬ።"

"አውቃለሁ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።"

"እያወቅሽ ነው የመጣሽው?"

"ጠሩኝ እኮ፣ ጋሽ ካሣዬ" አለች ሻርፗን እያራገፈች። "ይህን ሁሉ ዘመን አጥር ለአጥር ስንኖር፣ ስሜን ሲጠሩ ዛሬ ገና ሰማሁ።"