በፀጉሬ ጭስ ዳነች የተባለችው ልጅ

ልጅ ሳለሁ ጅብ አልፈራም ነበር። እንጦጦ ግርጌ የተወለደ ልጅ የጅብ ጩኸት እየሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደው፤ ውሎ አድሮ እንደ ጎረቤት ሳል ይለምደዋል። እኔ የምፈራው የጅብ ተረት ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ ያንን ተረት ሳስታውስ ፍርሃቱ የለም። ንዴቱ ግን አለ፤ እኔ ሳረጅ አብሮኝ አላረጀም።

ቤታችን ጉለሌ፣ ቀጨኔ ውስጥ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበትና የሚወጣበት ግቢ ነበር። አባቴ ጦር ሜዳ ሄዶ ስላልተመለሰ እናቴ ሸክላ እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ። ከኮረብታው አፈር በጆንያ ተሸክማ ትወርዳለች፣ ታቦካለች፣ ትሠራለች፣ ታደርቃለች፣ ታቃጥላለች። የግቢው ሰው ሁሉ ወጡን የሚሠራው በእናቴ ድስት፣ ክረምት ሲገባ እሳት የሚሞቀውም በእናቴ ምድጃ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ በበራፋቸው ሳልፍ ግን ሳህኑ ላይ ነጠላ ጣል ያደርጋሉ። እኛን ቡዳ ነበር የሚሉን። ሸክላ የሚሠራ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽም ጅብ ይሆናል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ድስቱን ከእጃችን ይገዙና ውስጡ ያለውን ከዓይናችን ይደብቁታል።

ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነበር። በቀበሌው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነስቶ «ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እያሉ ሰፊውን ሕዝብ መናቅ ከፊውዳሉ ሥርዓት ጋር ተቀብሯል!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ሲያጨበጭቡ የነበሩት ሰዎች ቤታቸው ገብተው ራት ሲያቀርቡ ያው ሳህን ይሸፍናሉ። እናቴም ከኋላ ተቀምጣ አብራ ታጨበጭብ ነበር። ያንን ሳስብ በማን እንደምናደድ እንኳ ግራ ይገባኛል።

ያኔ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሰው በጊዜ ቤቱ ስለሚገባ ምሽቱ ረጅም ነበር። እኛ ልጆቹ አባባ ወልዴ ቤት እንሰበሰባለን። አባባ ወልዴ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከዘበኝነት በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጅ ይወዳሉ፣ ተረት ያውቃሉ። በዚያች ጠባብ ክፍል የባህር ዛፍ ፍም ቀልቶ፣ ኩራዙ ጣሪያውን እያጠቆረ፣ የእሳቸው ድምፅ ከጭሱ ጋር ቀስ እያለ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። ሲያወሩ አንበሳው ያገሳል፣ ጦጣዋ ትስቃለች። እኔንም እንደ ማንም ልጅ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡኝ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ የምቀመጥበት ቦታ ያ ብቻ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሚሉኝን ሁሉ የምችለውም ማታ እዚያ እንደምቀመጥ ስለማውቅ ነበር።

እናቴ ሁልጊዜ «ሲሰድቡሽ አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ» ትለኛለች። «ዝም ካልሽ ይሰለቻቸዋል።»

የአባባ ወልዴም ተረቶች ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር። ትንሿ እንስሳ ትገፋለች፣ ትታገሣለች፣ በመጨረሻ አምላክ ያይላትና ትከበራለች። እኔም አምን ነበር። እታገሥ ነበር። እኔን ግን የሚያይልኝ አልመጣም።

ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲያዳልጥ እናቴ ከነጆንያዋ ተንሸራታ እግሯ ተጎዳና ማነከስ ጀመረች። በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት አባባ ወልዴ የጅቡን ተረት አወጡ። አንድ ገበሬ ነበር አሉ። በጨለማ በረቱን ሲዞር ጅብ አገኘና የኋላ እግሩን በምሳር መታው። በማግስቱ ገበያ ወርዶ ቢያይ፣ ድስት የምትሸጠዋ ሴትዮ ታነክሳለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ልጆቹ በሙሉ ዞረው ያዩኝ ነበር። ከቀኜ የተቀመጠችው ልጅ ቀሚሷን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። አባባ ወልዴ ተረታቸውን ቀጠሉ፤ ያዩ አልመሰለኝም። ወይም አይተዋል። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የቱ እንደሚሻለኝም አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መውጫ መግቢያ አጣሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ እያነከሱ ይከተሉኛል። «እናትሽን ማን መታት?» ይሉኛል። ዳቦዬን ስፈታ ሁሉም የራሱን ዳቦ ብብቱ ሥር ይደብቃል። አንገቴን ደፋሁ፣ ዝም አልኩ። አልሰለቻቸውም። እንዲያውም ዝም ባልኩ ቁጥር ባሰባቸው።

ከሁሉም የምትብሰው ጽጌ ነበረች፤ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ትልቋ ልጅ። ታናሽ እህቷ ትርሲት የእኔ እኩያ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ትርሲትና ሌሎች ልጆች አጥር ዘለው ገና ያልበሰለ ኮክ አወረዱና በጨው አድርገው በሉት። ለእኔ አልሰጡኝም፤ ከበራችን ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። ሲመሽ ትርሲት ሆዷን ይዛ መንከባለል ጀመረች። እናቷ «ማን በላሽ? ማን አየሽ?» እያሉ ወጥረው ያዟት። አሥር ዓመቷ ነው። ኮክ ሰርቄ በላሁ ብትል ትገረፋለች። የእኔን ስም ጠራች።

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው፣ ከበላው ሰው ፀጉር ወይም ከልብሱ ቁራጭ ተወስዶ ሲታጠን ነው ይባል ነበር። በማግስቱ ቦኖ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ባልዲዬን ቧንቧው ሥር እንዳስቀመጥኩ ጽጌ መቀስ ይዛ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ሁለቱ እጄን ጠመዘዙ።

«ዝም ብለሽ ቁሚ፣ ትንሽ ነው የምንወስደው» አለች ጽጌ።

«ምን አደረግኳት?»

«በልተሻታል! ራሷ ናት የተናገረችው።»

ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ትልልቅ ሴቶች ነበሩ። አንዷ «ኧረ ልጆች፣ ዓይኗን እንዳትወጓት» አለች። ያችን ሴትዮ አልረሳትም። ዓይኗን እንዳትወጓት! ከጠቅላላው ነገር ያሳሰባት መቀሱ ብቻ ነበር። ጽጌ በስተግራ ያለውን ጉንጉኔን ከሥሩ ቆረጠችው። እንደተነገረኝ ዝም አልኩ። ባልዲዬ ሞልቶ ሲፈስ አየሁት፤ ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴት ቶሎ አንሺ ብላ ተቆጣችኝ።

እናቴ ስታየኝ በራሷ ሻሽ ፀጉሬን አስራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የያዘችው ጭቃ ግን እጇ ላይ ቅርጽ አልይዝ አለ። አመሻሹ ላይ ከእነ ትርሲት ቤት ጭስ ወጣ። እኔ በጭስ መሀል ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ የባህር ዛፉን ከኩበቱ፣ የኩበቱን ከገለባው ለይቼ አውቃለሁ። ያንን ጭስ ግን ከዚያ በፊት አሽትቼው አላውቅም ነበር። የራሴ ፀጉር ነበር። ትርሲት ታስላለች፣ ሰው ይጮኻል፣ ቡዳውን «ልቀቃት! ከየት መጣህ?» ይሉታል። እኔ በቀጭን ግድግዳ ማዶ ቁጭ ብዬ ራሴን አሸታለሁ።

በማግስቱ ትርሲት ዳነች። ሆዷ ኮኩን ሲጨርስ ሕመሙም አለቀ፤ ሌላ ምንም የለውም። ጠዋት ግቢው ውስጥ ገመድ ስትዘል እትዬ አስካለ «አያችሁ?» አሉ፣ እናቴ እየሰማች። እኔን ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ መዳኗ ነበር። ፀጉሬን ወስደው ማስረጃ አደረጉት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሌላ አንድ ቀን እንኳ ብትታመም ብዬ ተመኘሁ።

ሲመሽ ተነስቼ ጫማዬን አደረግኩ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ቅሪ» አለችኝ እናቴ።

«እሄዳለሁ።»

አባባ ወልዴ ቤት ገብቼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጽጌም ትርሲትም ነበሩ። አባባ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ «አባባ፣ ዛሬ እኔ ላውራ?» አልኳቸው። እዚያ ቤት ልጅ ተረት አውርቶ አያውቅም ነበር። ፈገግ ብለው «እስቲ እንስማሽ» አሉኝ።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አልኩ። «ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ጽጌ መጣች። ሁለት ልጆች እጇን ያዙላት። ጽጌ መቀስ ይዛለች።»

ጽጌ ብድግ አለች። «አባባ! ስሜን ጠራች እኮ!»

«ልጄ፣ በተረት ውስጥ የሰው ስም አይጠራም» አሉኝ አባባ ወልዴ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«እርስዎ የእናቴን እግር ጠርተው የለ?»

አባባ ወልዴ ፍሙን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ተረት እኮ ነው የኔ ልጅ። ከአባቶቼ የሰማሁትን ነው።»

ሻሼን ፈታሁት። አንዱ ጉንጉን ትከሻዬ ላይ ወረደ፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። «ይሄስ ተረት ነው?» አልኳቸው። ማልቀሴን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። እናቴ ናት። ጎረቤት ቤት ሳትጠራ የማትገባው እናቴ፣ እያነከሰች በልጆቹ መሀል አልፋ፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንንም አላየችም።

«ቀጥይ» አለችኝ።

ቀጠልኩ። ስለ ጭሱ አወራሁ፣ ስለ ሽታውም። ስለ ኮኩም ተናገርኩ። ትርሲት «አልበላሁም!» ስትል ከትንንሾቹ አንዱ «በልተሻል፤ እኔም በልቼ አስመልሶኛል» አለ። ማንም አልሳቀም። አባባ ወልዴ ቀና ብለው አላዩኝም።

ከዚያ በኋላ ዓለም ተለወጠ ብል ደስ ባለኝ። እትዬ አስካለ ሳህናቸውን መሸፈን አልተዉም። አባባ ወልዴ ያንን ተረት እኔ ባለሁበት ዳግመኛ አላወሩም፣ ይቅርታም አልጠየቁኝም፤ እስኪሞቱ ድረስ እጃቸውን እየሳምኩ ሰላም እላቸው ነበር። ድምፃቸው አንዳንዴ ይናፍቀኛል። መናፈቁም ያናድደኛል። ጽጌ ግን እጇን ዳግም አላነሳችብኝም፤ አውርቼ ስሟን እንደምጠራ አውቃለች።

አሁን የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጉልበተኛ ልጅ ሲያስቸግር ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚመክሩ የልጆች መጻሕፍት ይመጡልናል። ሥዕላቸው ያምራል። በብዙዎቹ ውስጥ ግን ትምህርት የሚሰጠው ለተመታችው ልጅ ነው። በረጅሙ መተንፈስ ትማራለች፣ ዘወር ብሎ መሄድ ትማራለች፣ ይቅር ማለት ትማራለች። የመታቻትስ ምን ተማረች? መጨረሻው ገጽ ላይ ኳስ ትጫወታለች። ከጎን ቆመው ያዩትማ ጭራሽ አልተሳሉም። እነዚህን መጻሕፍት ለልጆች ሳነብ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ «እናንተ ብትኖሩ የት ትቆሙ ነበር?» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ መምህር ልጆቹን ታስጨንቂያቸዋለሽ ይለኛል። ይጨነቁ።

በዚያ ምሽት ከአባባ ወልዴ ቤት እንደተመለስን እናቴ ኩራዙን አቀረበችና መቀስ አነሳች። አንዱን ጉንጉን ብቻ ይዤ እንዳልዞር የቀረውን ፀጉሬን አስተካክላ ልትቆርጠው ነው። ጣቶቿ በጭቃ ብዛት ሻክረው ጆሮዬን ይቧጥጡኛል። ለረጅም ጊዜ ስትቆርጥ ቆየች።

«ዝም በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ከእንግዲህ በዚህ ነገር እንዳትሰሚኝ።»

እናቴ ብዙ ነገር አዝዛኛለች፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህንን ግን እስከ ዛሬ እታዘዛታለሁ።