ቱርቦ ለሚካኤል ዳገት

«ዳገቱ አናት ነው ያባት የናት ቤቴ፣
ልቤ ቀድሞ ወጣ…»

ልቤ ቀድሞ ወጣ፤ ከዚያስ? አስናቀው እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ግጥሙ ይጠፋበታል። የጠፋውን በእንጉርጉሮ ይሞላና ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ብሎን ማጥበቁን ይቀጥላል። ዘፈኑ የአባቱ የአያ በላቸው ነው። በደህናው ዘመን ጭነት ይዘው ከበቅሎ ኋላ ሲሄዱ የሚያንጎራጉሩት ነበር።

«አስናቀው! ምሳህ ቀዘቀዘ!» ትላለች ሚስቱ የትነበርሽ ከቤት ውስጥ።

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

«ይሄ መጣሁ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።»

አይመጣም። በመጨረሻ እሷው እንጀራውን ጠቅልላ ትወጣለች፤ እጁ በዘይት ስለጠቆረም ታጎርሰዋለች። ቆሞ ይጎርሳል፣ ዓይኑ ግን ከኮፈኑ ሥር አይነሳም። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለችው ጠባብ ግቢያቸው ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

መኪናዋ ከእሱ በፊት ስንት ጌታ ያገለገለች፣ ናፍጣ የምትጠጣ፣ ባለ አራት ሲሊንደር አሮጌ ኮሮላ ናት። ጎንደር ከተማ ውስጥ እንደ ልቧ ትሮጣለች፤ አይከል ድረስም ሰው ጭና ደህና ደርሳ ትመለሳለች። ፊቷን ወደ ሰሜን ደጋ ስታዞር ግን አየሩ ይሳሳባታል። ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ ደረቱ እንደታመመ ሽማግሌ እያቃሰተች፣ ዳገት መሃል ትቆማለች።

አምና በኅዳር ሚካኤል የሆነው ይኸው ነበር። አያ በላቸው ክርስትና የተነሱበት፣ ሚስታቸውንም የቀበሩበት ሚካኤል ከዳባት በስተጀርባ ካለ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። የተሳሉትን ባለዘርፍ ጥላ ይዘው በልጃቸው መኪና ተነሱ። በቅሎ እንዳይቀመጡ ሐኪም ጉልበታቸውን አይቶ ከልክሏቸዋል፤ የሰው መኪና ለመለመን ደግሞ ኩራታቸው አይፈቅድም። መኪናዋ የመጨረሻው ዳገት ላይ ቀረች። ሽማግሌው አንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከበሮውን ከታች ሰሙ። ጥላው እንደታሰረ ወደ ቤት ተመለሰ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት ሲመለሱ። «ለከርሞ፣ ዕድሜ ከሰጠኝ።»

አስናቀው ያቺን «ዕድሜ ከሰጠኝ» ዓመቱን ሙሉ ተሸክሟት ኖረ።

ከዚያ ነው ቱርቦ የመግጠም ሐሳብ የመጣው። ነገሩን ሲሰማ እንደ ዘፈን ነበር የጣመው፦ ሞተሩ የሚጥለው ጭስ አንዲት ትንሽ ባለክንፍ ፉሪት ያሽከረክራል፤ ፉሪቷ አየር ስባ መልሳ ሞተሩ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። የተጣለው ትንፋሽ ተመልሶ ትንፋሽ ይሆናል! ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያገኘውን ቱርቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎረቤቱ ወደ በያጁ አለምነህ ወሰደው።

አለምነህ ገለጥ አድርጎ አየና ሳቀ። «አንተ፣ ይሄ ቀንድ አውጣ አይደለም እንዴ? በቀንድ አውጣ ነው ዳገት የምትወጣው?»

«ማያያዣውን በይድልኝ፤ ፍጥነቱን በኋላ ታየዋለህ።»

ተበየደ፤ ተገጠመ። ዘይት የሚወስድለትና የሚመልስለት ቱቦ ተዘረጋ። አስናቀው በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ አቀበት ሲያወጣት መኪናዋ ክንፍ ያበቀለች መሰለችው። ብቻውን እየነዳ እንባው መጣ። ደስታው ግን አልከረመም። ጥቂት ቀን እንደተመላለሰ ሰማያዊ ጭስ ትለቅ ጀመር፤ ቱርቦውም ጮኾ ጮኾ ደረቀ።

አለምነህ ሲፈታው የዘይቱ መንገድ እንደ ምጣድ ጥላሸት በጠቆረ ቅርፊት ተደፍኗል። «ምነው አስናቀው፣ ምን አበላኸው? ዘይቱ ከስሎ የለም እንዴ! ዳገት ወጥተህ ወዲያው ታጠፋታለህ?»

«ኧረ እኔ…» አለ።

ለካ ያጠፋል። መኪናዋን የገዛ ዕለት አባቱ ቃል አስገብተውታል፦ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ አጥፍተህ ተሳለም፤ ቅዳሴ ላይ ማኪና አይጮህም። ከዚያ ወዲህ እጁ ራሱ ያውቀዋል፤ ደጁ ሲታይ ቁልፉን ይዘጋል። አገሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን የሚተክለው ዳገት አናት ላይ ነው። ቱርቦዋ እሳት ሆና ስትወጣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ዘይቱ ባለበት ይቆማል፣ እዚያው ያርራል።

«ታዲያ ሳትሳለም እለፍ ልልህ ነው?» አለ አለምነህ ጭንቅላቱን እያከከ። «እኔ በያጅ ነኝ፤ ይሄ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው።»

ሌላ ቱርቦ ተፈልጎ እስኪገጠም ጥቅምት አለቀ። ለአባቱ ግን ምንም አልነገራቸውም። «አታጥፋ» የሚለው ቃል ከአፉ እንዴት ይውጣ?

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አያ በላቸው ጋቢና ተቀመጡ፤ የትነበርሽ ጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከኋላ። አስናቀው ለቅዳሴ ጾሞ በባዶ ሆዱ ነው። ዳባትን አልፈው ወደ ጥርጊያው መንገድ ሲገቡ ቱርቦዋ ማፏጨት ጀመረች።

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አሉ ሽማግሌው።

«መኪናዋ ናት አባባ፤ አዲሱ ዕቃ ነው።»

«ለሚካኤል ሲሄዱ ማፏጨት ምንድን ነው? እልል ትበል እንጂ!»

የትነበርሽ ከኋላ እልል አለችላት። መኪናዋ የአምናዋን ድንጋይ አለፈች። አያ በላቸው አንገታቸውን አዙረው ድንጋይዋ እስክትሰወር አዩዋት። አፈር እየበተነች፣ እያፏጨች፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ካለበት አናት ላይ ወጣች።

«አጥፋት!» አሉ አያ በላቸው ወዲያው።

አስናቀው ቁልፉን ያዘ እንጂ አልዘጋውም።

«አጥፋት እንጂ! ታቦት ሊወጣ ነው። ምነው?»

«አባባ…» አለ አስናቀው። «ጭነት ይዘው ዳገት ሲወጡ፣ በቅሎዋን እንደደረሰች ያስሯት ነበር?»

«ሞኝ ነህ? አዘዋውሬ ላቧን አደርቅላታለሁ እንጂ!»

«ይቺም እንደዚያው ናት። ውስጧ እሳት ነው፤ ቆማ እየሠራች ትንሽ ትብረድ። አሁን ባጠፋት ትሞትብኛለች፤ የፊተኛዋን ቱርቦ እንዲህ ነው የገደልኳት።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት፤ ኮፈኑን አዩት። ቆቡን ከራሳቸው አወለቁ።

«እንግዲያው ቆማ ትጸልይ» አሉና ጀመሩ፦ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር…»

ሦስቱም አብረው ደገሙ። ሞተሩ ከፊታቸው በዝግታ ያጉረመርም ነበር፤ ለአስናቀው አብሯቸው የሚያነበንብ መሰለው። አሜን አሉ።

«አሁንስ?»

«አንዴ ቢደግሙላት።»

ደገሙላት። ከዚያ ራሳቸው እጃቸውን ሰደው ቁልፉን ዘጉት። ጸጥታው ውስጥ ከበሮው ተመታ፣ ታቦቱም በእልልታ ወጣ። አያ በላቸው በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ጥላውን ዘረጉት፤ ዘርፉ በኅዳር ፀሐይ አብለጨለጨ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ አስናቀው ሹልክ ብሎ ሄዶ መኪናዋን አስነሳት። ከማርሚታዋ ንጹሕ ትንፋሽ ወጣ፤ ሰማያዊ ጭስ የለም። ከደረቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተጫነ ነገር ወርዶ ወዲያ ሲንከባለል ተሰማው። እንዳትቸኩል ትንሽ አቆያት፣ አጠፋትና እያንጎራጎረ የሚካኤል ማኅበርተኞች ወደተቀመጡበት የወይራ ዛፍ ጥላ ሥር መጣ።

«ልቤ ቀድሞ ወጣ… ምን ነበር አባባ?»

«ታች ቀረ ጉልበቴ!» አሉ አያ በላቸው ጠላቸውን እንደያዙ። ከዚያም ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው ሳቁ። «ዛሬስ አልቀረ።»

የትነበርሽ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰሰችለት። የጥፍሩ ዙሪያ ዘይት ዛሬም አልለቀቀም።

«ላጉርስህ ወይስ ትቀመጣለህ?»

አስናቀው ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩን አጣጥፎ ትሪውን ወደ ራሱ ሳበና ጎረሰ።