ከስድስት መቶ ሃያ አምስት አንዴ

የዚያን ዕለት ጅልነቴ መቀለዴ ነው። ሸሕዲ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ሲፈተሽ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መለማመጃ ጥያቄዎች ተገኙ። አንዱ «ከአሥር ሰዎች ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በስንት መንገድ ሊመረጥ ይችላል?» ይላል።

«የምን ኮሚቴ ነው?» አለ ፈታሹ።

«የፈለጋችሁት! መቶ ሃያ ዓይነት ይወጣዋል» አልሁት እየሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር፣ መቼ ዝም እንደሚባል ሳልማር ቀረሁ።

የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። አሥር ሰዎች ቀድመውኛል። ቆርቆሮው ይፋጃል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ፤ የሁላችንም መጸዳጃ እሱ ነው። ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። የሰጡኝን ዳቦ ተጠይፌ ተውሁት። በማግስቱ ከነዝንቡ በላሁት።

በየጠዋቱ ሁለት ሰው ባልዲውን ተሸክሞ ይደፋል። ተረኛ የሚለየው ከእኛው መካከል የተሾመው የእስረኞቹ ካቦ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶን የሰሊጥ አገዳ ይሰባብርና «ዕጣ ወጣ» ይላል። እኔ ከገባሁ ወዲህ ለአጨዳ ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ አራት ቀን በተከታታይ ወጥቶበታል። መዳፉን ማጭድ ቆርጦታል። ከባልዲው የሚፈሰው እየነካው ቁስሉ አብጧል፣ መግል ይዟል።

«ዕጣዬ ነው እንግዲህ፣ መምህር» አለኝ።

አፈሩ ላይ በጣቴ አሰላሁለት። ካቦው ራሱን አያስገባም፤ ከቀረነው አሥር ሰው ሁለት፣ አንድ አምስተኛ ነው፤ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። «እውነተኛ ዕጣ ቢሆን፣ ይህ የሚገጥምህ ከስድስት መቶ ሃያ አምስት አንዴ ነው።»

ካቦው ሰማ። «አባባ፣ እዚህ ትምህርት ቤት መሰለዎት እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ትምህርት ቤትስ ሽንት ቤት ነበረው!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ካቦው ሳቁን አልቻለውም፤ እሱም የሚገባበት እውነተኛ ዕጣ እንዲወጣ እሺ አለ።

በነጋታው ሁላችንም ከሸሚዛችን አንድ አንድ ቁልፍ ነቅለን ቆቤ ውስጥ ጨመርን። ዓይኔን ጨፍኜ እኔው አወጣሁ። የመጀመሪያው የካቦው ሆነ። ሁለተኛው የአጫጁ።

ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። «ተወው፣ እኔ ልሸከም» አልሁት።

«የለም መምህር። የእስከዛሬው የሱ ሥራ ነበር፤ ይኸኛው የኔው ዕጣ ነው። ነገ ይተኩኛል።»

ባልዲውን በደህና እጁ ያዘ። ካቦው ፊቱን አዙሮ በሌላው በኩል አነሣ። አጫጁ ቀና ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ባልዲው ሳይነሣ ልፈታ ስሜ ተጠራ። በዚህ ጉልበቴ ሮጥሁ! ዞር ብዬም አላየሁ። ተራዬ ትዝ ያለኝ ሚኒባሱ ኮኪትን ሲያልፍ ነው።

ዛሬም መተማ ደጄ ላይ ለተፈታኞች ፕሮባቢሊቲ አስረዳለሁ። መጽሐፉ ስለ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ሲያወራ እኔን ባልዲው ይሸተኛል። ከሽታው ይልቅ የሚያስጠላኝ ግን ያ ሩጫዬ ነው። የሰውየውን አገር እንጂ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም። አንድ ጠዋት ባልዲ የመሸከም ዕዳ አለብኝ።