ጋሽ አካለ ወልድ የቆጠሩት ደም

በቢቸና ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የጋሽ አካለ ወልድን በር ነው። ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወደ ላይ ሰባት ቤት ቆጥረው «አምስተኛው ላይ ይገናኛሉ» ካሉ አለቀ፤ ጠላው ተጠምቆም ቢሆን ሠርጉ ይቀራል። የእኔን የመጀመሪያ እጮኛ ያስቀሩብኝ እርሳቸው ናቸው። አልተቀየምሁም ብል ውሸት ነው።

እኒህ ሰው ጡረታ ሳይወጡ ደም ለግሰው «ኦ» የሚል ካርድ ተሰጥቷቸው ነበር። ካርዱ ለዓመታት ከመታወቂያቸው ኋላ ተረስቶ ኖረ። አምና ግን አንድ ሐኪም በሬዲዮ፣ ደማቸው ኦ የሆነ ሰዎች በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ እንደሚል ሲናገር ሰሙ። ሐኪሙ ቀጠል አድርጎ፣ ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው ስልሳ ዓመት ባልሞላቸው ላይ እንደሆነ፣ በዕድሜ ለገፋ ሰው ዋናው ጠላት ደም ብዛት እንደሆነ አስረድቷል። ይህን እኔ ሰምቻለሁ። ጋሽ አካለ ወልድ ግን ያን ጊዜ ካርዳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ የደም ዓይነት መጠየቅ ሆነ። እኔ ቢ ነኝ፤ ባገኙኝ ቁጥር ለቀስተኛ ይመስል ከንፈራቸውን ይመጥጡልኝ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሳቅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ታናሽ እህታቸው እትዬ ይርጋነሽ ሞጣ ይኖራሉ፤ ደም ብዛት አለባቸው። ጎረቤታቸው ዘሚራ የጨርቅ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት በየጧቱ ጎራ ብላ ኪኒናቸውን ታስውጣቸዋለች። ጋሽ አካለ ወልድ ለአስተርዮ ማርያም ሊጠይቋቸው ሄደው ይህንን አዩ።

«ምንድን ነው የምትውጪው?»

«የብዛቱን ነው ጋሼ። ሐኪሙ አታቋርጪ ብሎኛል።»

«ሐኪሙ ዘርሽን ያውቃል? እናታችን አንድ፣ አባታችን አንድ። እኔ ኦ ከሆንሁ አንቺ ሌላ ደም ከየት ታመጫለሽ? ይህ ለሌላ ሰው ነው፣ ተይው።»

ዘሚራ «ኧረ አባባ፣ መጀመሪያ ይመርመሩ» አለች።

«ሰባት ቤት የምቆጥር ሰው አንድ ቤት ያቅተኛል?» አሏት።

እትዬ ይርጋነሽ ታላቅ ወንድማቸውን እምቢ ብለው አያውቁም። ኪኒኑን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ዘሚራ ስትመጣ «ውጫለሁ» እያሉ ይመልሷት ጀመር።

በሦስተኛው ወር ዘሚራ ለጋሽ አካለ ወልድ ደወለችላቸው። እትዬ ይርጋነሽ ቁርስ ላይ ሳሉ ቀኝ እጃቸው ከድቷቸው፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ሐኪም ቤት ገብተዋል። ሽማግሌውን ብቻቸውን መስደድ አላስቻለኝም፤ አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን።

ደብረ ወርቅን አለፍን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ኦ ላትሆን ትችላለች፣ አይደል?» አሉኝ።

«እህትና ወንድም ይለያያሉ፤ ትችላለች» አልኋቸው።

ይህን ጊዜ ጸሎት ጀመሩ። ዓመት ሙሉ ኦን ሲያወድሱ የከረሙት ሰው፣ እህታቸውን ኤ፣ ያም ካልሆነ ቢ እንድታደርግላቸው እመቤታችንን ሲለምኑ በጆሮዬ ሰማሁ። ደሟ ሌላ ከሆነ ጥፋቱን ለደሟ ሊሰጡት ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው በራሴ አፈርሁ።

ሞጣ እንደደረስን «ደሟን መርምሩልኝ» አሉ። ሐኪሟ ለሕክምናው እንደማያስፈልግ ብትነግራቸውም፣ እንባቸውን አይታ አስመረመረችላቸው። ውጤቱ ኦ ነው። ቆጠራቸው ፍጹም ትክክል ነበር።

«መድኃኒቱን መቼ ነው ያቆሙት?» አለች ሐኪሟ።

ቀኑን ነገሯት። ለምን እንደቆመ ስትጠይቃቸው ግን የውጤቱን ወረቀት እያጠፉ መዘርጋት ጀመሩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳዝነውኝ አያውቁም።

በሦስተኛው ቀን መዋጥ እንደሚችሉ ታየና ነርሷ ኪኒንና ውሃ ይዛ ገባች። እትዬ ይርጋነሽ አፋቸውን ገጠሙ። ነርሷ ለመነቻቸው፣ ዘሚራ ተቆጣቻቸው፤ አልከፍት አሉ። ዐይናቸው እግራቸው ሥር የቆሙት ወንድማቸው ላይ ነበር። በተጣመመው አፋቸው እየተንተባተቡ ጠየቋቸው።

«ልዋጠው ጋሼ?»