የልቀቀው ጉልበት

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ሆዱን ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ሀብታምም ይሁን ዘበኛ፣ «ልቀቀው!» ይለዋል። «ጨርቅ ይሉኝታ የለውም። ዛሬ እኔን ብትሸውደኝ ነገ በሰው ፊት ቁልፍህ ይበጠሳል።» ስሙም በዚያው ልቀቀው ሆኖ ቀረ። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የምትጠራው ስትቆጣው ብቻ ነበር።

እኔ ታላቅ እኅቱ ነኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብረን እንኖራለን፤ በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል የሱ መስፊያ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ መኖሪያችን ናቸው። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። ልጆቹ ሞተር እንግጠምልህ ቢሉት «ጨርቁን የምሰማው በእግሬ ነው፤ ሞተር ምኑን ይሰማል?» ብሎ እምቢ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመረገጡ የተነሣ የመርገጫው ብረት ቀለሙ ተፍቆ አንጸባርቋል። የተፋቀው ቦታ የቀኝ እግሩ ልክ ነው።

የከዳውም ያው ቀኝ እግሩ ነው። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ልስላሴ አልቆ አጥንት ካጥንት ሲፋተግ፣ አራት ዓመት በምርኩዝ፣ በቅባትና በ«ነገ ይሻለኛል» አሳለፈ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ከፍተው በብረትና በፕላስቲክ ቀየሩለት። ፋሻው ሲፈታለት በጉልበቱ ላይ ቁልቁል የወረደውን ስፌት ዘንበል ብሎ መረመረና «ክሩ ወፍሯል፤ እጃቸው ግን ደህና ነው» አለ። ስቀን ይዘነው ወጣን፤ ያለቀ መስሎን።

አላለቀም። ቤት ከገባ በኋላ ጉልበቱ እያበጠና እየጋለ አልታጠፍ አለ። ሲያቃስት አላስችል ይለኝና ከቋንጃው ሥር ትራስ አደርግለታለሁ፤ እሱም እፎይ ይላል። ሆስፒታሉ የሰጠን ወረቀት ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ አብሬያት ነው፤ በቀን አንድ ሁለት መስመር አነባለሁ፤ ሰው እንዲያነብልኝ ደግሞ አልወድም። «ከጉልበቱ ሥር ትራስ አይደረግ» የምትለው መስመር ላይ የደረስኩት በዘጠነኛው ቀን ነው። ትራሱን አነሣሁት።

«ምነው እትዬ፣ ትራሴን ለማን ሰጠሽብኝ?»

«ላጥበው ነው» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ጉልበቱን የምታሠራው ባለሙያ ዘንድ በሳምንት ሁለት ቀን እንሄዳለን። ቀጭን ልጅ ናት፤ እጇ ግን ብረት ነው። «መርማሪዋ» ብሎ ስም አወጣላት። «አባባ፣ ትንሽ ብቻ» ትለውና ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ስታጥፈው ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«ያላደረግሁትን ሁሉ አምናለሁ፤ እባክሽ ይበቃል!»

እሷ ትስቃለች እንጂ አትተወውም።

በአራተኛው ሳምንት ግን አልሳቀችም። «ቁስል ሲድን ጠባሳ ይሠራል አባባ። የእርስዎ ውስጥ ውስጡን በዝቶ መታጠፊያውን አጣብቆታል።»

«ገባኝ» አለ ወንድሜ። «ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር አብሮ ተሰፍቷል።»

«በትክክል! በስድስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ያዩዎታል። ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ በማደንዘዣ አስተኝተው በግድ ያጥፉታል።»

ፊቱ ተለወጠ። ሚስቱ ለሐሞት ጠጠር ማደንዘዣ ወስዳ እንደተኛች ነው የቀረችው። የመጀመሪያውን ጊዜ እንኳ የተኛው ስንት ተለምኖ ነው። ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና «ሁለተኛ አልተኛም፣ እትዬ» አለኝ። «ዘጠናውን ራሴ አመጣዋለሁ።»

ዘጠና ዲግሪ ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን መርገጫው ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ እግሩ መኪናው ፊት ተገትሮ ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ከዚያ መኪና ሌላ ሙያ የለውም።

እሱ በዲግሪ አያስብም፤ በጣትና በስንዝር ነው። ስለዚህ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈን ሲሚንቶው ላይ በጨርቅ ጠመኔው ቀይ መስመር አሰመርን፤ ዘጠናው እዚያ ነው። ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ኋላ ይስባል፤ የደረሰበትን እኔ በነጭ አሰምርና ከጎኑ ቀኑን እጽፋለሁ። በቀን አራት ጊዜ። ሲጨርስ ጉልበቱ ላይ በረዶ አደርጋለሁ፤ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል።

መጀመሪያ ከቀዩ መስመር አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ይርቅ ነበር። ሳምንት ለፍቶ ሁለት ጣት ብቻ ቀነሰ። ከዚያ ድንገት፣ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ስንዝሩ ወደ አራት ጣት ወረደ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ከልብስ ሰፊ ጋር የኖረ ሰው ዓይኑ ከትከሻ አይነሣም። ሲስብ አየሁት፤ ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ብሏል፤ የሸሚዙ ስፌት ጠሟል። ጠመኔ እንደወደቀበት ሰው ጎንበስ አልኩ። ቀኝ መቀመጫው ከወንበሩ ተነሥቶ በመሐሉ ብርሃን ይታያል። ጉልበቱ አይደለም የሚታጠፈው፤ ወገቡን ነው የሚያነሣው።

ያን ቀን ዝም አልኩ። በማግሥቱም መስመሩን አሰምሬ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ዝም አልኩ። የትራሱ ነገር አፌን ያዘው። በየትኛው አፌ ነው እሱን ዋሸህ የምለው?

በሦስተኛው ቀን ጥርሱን ነክሶ እየሳበ «ስንት ቀረኝ?» አለ።

«ልቀቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወገብህን። ሲሚንቶም ይሉኝታ የለውም።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «አንቺ ደግሞ ከመርማሪዋ ባስሽ!» ብሎ ምርኩዙን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ምሳውንም አልነካ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትራሱን ላጥበው አልነበረም» አልኩት። «ወረቀቱ ይከለክላል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጉልበትህን ያደረቅሁት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱን እኮ በሁለተኛው ቀን አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ትራሱን ስታመቻቺው ፊትሽን አይቼ። ደግሞም ተመችቶኛል፤ ምን ልዋሽሽ።» ሳቅ ያለ መሰለና ተወው። «ሁለታችንም ሆዳችንን ስበን ነዋ የከረምነው። በይ ተነሺ፤ እሰሪኝ።»

ወፍራም ቁራጭ ጨርቅ ለሁለት አጥፌ ጭኑን ከወንበሩ ጋር አጥብቄ አሰርኩት። ተረከዙን ሳበ፤ አልሄድ ብሎት ቆመ። መስመሩን አሰመርኩ፤ ከቀዩ አንድ ሙሉ ስንዝር ይርቃል። የውሸቶቹን መስመሮች በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ አያየኝም ነበር። ሦስት ቀን ነበር የቀረን፤ ሦስቱንም ቀን እንደታሰረ ለፋ። ያገኘው ግማሽ ጣት ነው።

በቀጠሮው ዶክተሩ መለኪያውን ጉልበቱ ላይ ዘርግተው «ሰባ ሁለት» አሉ። መርማሪዋ አዝና «እቤት መልመጃውን አልሠሩም እንዴ አባባ?» ስትለው «ሠርቻለሁ። ግማሹን ግን በወገቤ ነው የሠራሁት» አላት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሮ «ያስተኙኝ» አለ። እጁ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ ነበር።

ሊያስተኙት ሲያስገቡት እስከ ክፍሉ በር ድረስ ሄድኩ። ከበሩ ወዲህ ያለችው አግዳሚ አንድ እግሯ አጭር ናት፤ በተነቃነቅሁ ቁጥር ቋ ትላለች። ብዙም አልቆዩም፤ ለእኔ ግን ያ ጊዜ ከአራቱ ዓመት ይረዝማል። ሲያወጡት ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

«ነቃሁ?»

«ነቅተሃል።»

«እንግዲያው ውኃ ስጪኝ።»

ተኝቶ ሳለ ጉልበቱ መቶ አሥር ድረስ ታጥፏል አሉን። ሲነቃ ግን ሕመሙም አብሮ ነቃ። መርማሪዋ በዚያው ከሰዓት መጣች፤ ዛሬ ካልታጠፈ ጠባሳው ተመልሶ ይይዘዋል ብላ። ያን ቀን አልቀለደባትም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ሙሉ ወንበር፣ ማሰሪያ፣ ጠመኔ፣ በረዶ። አንዳንድ ጠዋት «ዛሬ ይለፈኝ» ይላል፤ እኔም ይለፈው ማለት ያምረኛል፤ ጨርቁን አነሣና አስረዋለሁ። ቀዩን መስመር ደረሰ፤ አንድ ጣት አለፈው፤ እዚያ ላይ ቆመ። ከዚህ ላያልፍ ይችላል ብላናለች መርማሪዋ።

ባለፈው ሳምንት የመኪናውን ልባስ ገለጠ። እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ፤ ገባለት። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ግማሽ ሰዓት ረግጦ ካልተነሣ ጉልበቱ ይደርቃል፤ የበሩን መቃን ይዞ ያፍታታዋል፣ ይመለሳል። በቀን ሦስት ሱሪ ይጨርስ የነበረው ሰው አንዱን ካደረሰ እሰየው ነው።

የመጀመሪያ ደንበኛው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባው። ሜትሩ ሲዞርበት እንደ ልማዱ ሆዱን ሳበ። እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ «ልቀቀው!» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ አድርጎ፣ ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። ዘበኛው ጥቂት ታገሠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ በመጨረሻ ኡፍ ብሎ ተነፈሰና ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወንድሜ ቁጥሩን ጻፈ።

«ምነው ልቀቀው፣ ዛሬ አልጮህክብኝም?»

«ሲደክምህ ራስህ ትለቀዋለህ» አለው።

ዘበኛው ሲወጣ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀኝ መቀመጫውን በእጁ ጫን አድርጎ አየኝ፤ አየሁለት፤ በመሐሉ ብርሃን የለም። መርገጫው መንቃጨል ጀመረ። ሰዓቱን አየሁ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የማስነሣው እኔ ነኝ።